ቃሉን የዋጠው ክራር

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ዝግጅት ለጓደኛዬ ክራር መታሁላት። እሷ ትዝታ ትዘፍናለች፣ ስንኙንም ራሷ ናት የምትጽፈው። እኔ አጃቢ ነኝ። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። የዚያን ቀን ግን ጣቶቼ ሞቅ አላቸው መሰለኝ፣ እሷ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ዘው እያልኩ ገባሁ፣ ስንኙን ልትዘጋ ስትል ቀድሜያት ዘጋሁት፣ መሀል ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ረጅም ድርድር ጨመርኩበት። ተጨበጨበ። ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ጠባሴ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ «ዛሬ ጥሩ ዘፈንሽ» አለችኝ።

«እኔ? እኔ መቼ ዘፈንኩ?»

«ታዲያ ማን ዘፈነ? እኔማ አፌን ሳንቀሳቅስ ነበር።»

የባጃጁን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።

ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። የደብረ ብርሃንን ማታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመሸ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ስልክ ከመነካካት ሌላ የሚሠራ ሥራ የለም። «ድምፃዊን እንዴት ማጀብ ይቻላል» ብዬ የጀመርኩት ፍለጋ ከቪዲዮ ቪዲዮ እያንሸራተተ ወስዶ ከ400 ዓመት በፊት የነበረች ጣሊያን ውስጥ ጣለኝ። ለካ እነሱም በዚሁ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ጭቅጭቁ ሉት በሚባለው መሣሪያና በዘመዶቹ ላይ ነው። ሉት ማለት ሆዱ እንደ ተሰነጠቀ ቅል የተነፋ፣ አንገት ያለው፣ አንገቱ ላይ ጅማት እየታሰረ ፍሬት፣ ማለትም ክሩ የሚጫንበት እርከን፣ የሚሠራለት መሣሪያ ነው። ስሙም እሱ ራሱም ከዓረቦቹ ዑድ የመጣ ነው። ዑድን ከሱዳን ዘፈን ታውቁታላችሁ። የእኛ ክራርና በገና ግን ከዚህ ዘር አይደሉም፤ አንገት የላቸውም፣ ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር ነው ያላቸው። ከእኛ መሣሪያዎች ለሉት የሚቀርበው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ማሲንቆ ነው። አንድ ክር ብትኖረውም፣ በደጋን ቢመታም፣ አንገት አለው።

እንግዲህ በ1500ዎቹ መጨረሻ ፍሎረንስ ውስጥ አንዳንድ ባላባቶችና ሙዚቀኞች እየተሰበሰቡ ስለ ጥንት ግሪኮች ያወሩ ነበር። ግሪኮቹ በዘፈን ሰው ያስለቅሱ ነበር፣ የእኛ ዘፈን ለምን አያስለቅስም ነው ነገሩ። ከመሀላቸው አንዱ ቪንቼንሶ ጋሊሌይ ነው፤ የሳይንቲስቱ የጋሊሊዮ አባት፣ ሉት ተጫዋች። በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑን የብዙ ድምፅ ዘፈን ክፉኛ ወቀሰው። አራት አምስት ሰው በአንድ ጊዜ እየዘፈነ፣ አንዱ የቃሉን መጀመሪያ ሲል ሌላው መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ ሰሚው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ድምፅ፣ አንድ መሣሪያ፣ የሚሰማ ቃል ይበቃል የሚል ሐሳብ ነው ከዚያ የተነሣው።

ግሪኮቹ የሚዘፍኑት በኪታራ ነበር። ኪታራ ደግሞ በትክክል የክራርና የበገና ዘመድ ነው፤ ምሰሶ፣ ቀንበር፣ ክር። ፍሎረንሶቹ በኪታራ ሲዘፈን የሰማ ሰው አልነበራቸውም። ስለዚህ ረጅም ሉት ሠሩና «ኪታሮኔ» አሉት፣ ትልቁ ኪታራ እንደ ማለት። ቴዎርቦ የሚባለውም እሱው ነው። አጎቴ መንዝ ውስጥ በገናውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት እነሱ እንዲህ መልፋታቸው ትንሽ ያስቀኛል።

ይሄ ኪታሮኔ የሚባል ነገር ከአንድ ሰው ቁመት የሚበልጥ አለው። ብዙ ጊዜ 14 ረድፍ ክር አለው፤ ስድስቱ ፍሬት ላይ የሚጫኑ፣ የቀሩት ከአንገቱ ውጭ ተዘርግተው በአውራ ጣት የሚነኩ ቤዞች፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው። ክሩ የበግ አንጀት ነው፤ የበገናም ጅማት እንደዚያው። (የመንዝ በግ እዚህም እዚያም ሥራ አያጣም ነበር።) አሁን ልብ በሉ። አንጀት ረዝሞ ሳለ እንደ ትንሹ ሉት ከፍ አድርጋችሁ ልትቃኙት ካላችሁ ይበጠሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክሮች አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከታች በወፍራሙ እስኪደገም) ዝቅ አደረጓቸው። ክር ለማዳን የተደረገ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሳያስቡት አንድ ትልቅ ጥቅም አገኙበት። ተጫዋቹ ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ቢመታም ድምፁ ሁሉ ከታች ተሰብስቦ ይቀራል። ሴት ስትዘፍን ወደ እሷ ሰፈር አይወጣም። መሣሪያው ራሱ ከድምፃዊዋ በታች እንዲቀመጥ ተገድዷል ማለት ነው። የእኔ ክራር ግን ልክ ጓደኛዬ ያለችበት ቦታ ላይ ነው የሚጮኸው፣ እዚያው እሷ ላይ ተቀምጦ።

በ1602 ጁሊዮ ካቺኒ የሚባል የፍሎረንስ ዘፋኝ የዘፈን መጽሐፍ አሳተመ። ዜማው አለ፣ ከሥሩ አንድ የቤዝ መስመር አለ፣ ቤዙ ላይ እዚህም እዚያም ቁጥር ጣል ተደርጓል። አለቀ። ቁጥሩ የትኛው ድምፅ ከቤዙ ጋር እንደሚገባ ይጠቁማል እንጂ ኮርዱ ስንት ኖታ እንዳለው፣ ይበተን ይሁን ይመታ፣ የሚለው ነገር የለም። ሌላው ሁሉ ለተጫዋቹ ጆሮ የተተወ ነው። መግቢያው ላይ ከመሣሪያ ሁሉ ለድምፅ፣ በተለይ ለቴኖር (ለቀጭኑ የወንድ ድምፅ)፣ ኪታሮኔ እንደሚሻል ይናገራል። ደግሞ ሙዚቃ ማለት በቅድሚያ ቃል ነው፣ ቀጥሎ ምት ነው፣ ድምፅ መጨረሻ ነው የሚመጣው ይላል። አንድ ትንሽ ነገርም አለችው፣ እኔን የነካችኝ እሷ ናት። ቤዙ ላይ ሁለት ኖታ በቅስት አስሮ ሲጽፍ፣ አንዴ ከመታችሁ በኋላ ኮርዱን እንደ አዲስ አትምቱት፣ በላዩ የተጻፈውን ብቻ ንኩ ማለቱ ነው። ልቀቁት ይጥፋ። አስቡት፣ ሰውየው «እዚህ ጋ ዝም በል» ለማለት ምልክት ተጠቅሟል!

ካቺኒ ራሱ ዘፋኝም መቺም ነበር። እንደ አዝማሪ ማለት ነው። አዝማሪ ቃሉንም ማሲንቆውንም አንድ ሰው ስለሚይዘው መቼ እንደሚሞላ መቼ እንደሚተው ማንም አይነግረውም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ለሁለት ሰው ሲከፈል ነው።

ከዚያ በፊት በ1600 ፍሎረንስ ውስጥ የማሪያ ደ ሜዲቺ ሠርግ ነበር፣ ያገባችው የፈረንሳዩን ንጉሥ ሄንሪ 4ኛን ነው። ለሠርጉ ያኮፖ ፔሪ ሙሉ ታሪክ በዘፈን አቀረበ፤ ከመጀመሪያዎቹ ኦፔራዎች አንዱ ነው። አጃቢዎቹ እነማን ነበሩ? አንድ ሐርፕሲኮርድ (የፒያኖ ዘመድ)፣ አንድ ኪታሮኔ፣ አንድ ትልቅ ሊራ (በደጋን የሚመታ)፣ አንድ ትልቅ ሉት። የት ተቀመጡ? ከመድረክ ጀርባ። ለንጉሥ ሠርግ! እኔ ጥር ላይ አዲስ ቀሚስ ለብሼ መሀል መድረክ ላይ ነበርኩ።

አሁን ወደ እንግሊዝ። ሉት መቺውና የዘፈን ደራሲው ጆን ዳውላንድ በ1597 የመጀመሪያውን የዘፈን መጽሐፉን ለንደን ውስጥ አሳተመ። እሱ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ለሉቱ እያንዳንዱ ጣት የት እንደሚያርፍ በታብ ተጽፏል፣ ዛሬ ጊታር የሚማሩ ልጆች እንደሚያነቡት ያለ ታብ፤ ስድስት መስመር፣ በቁጥር ፈንታ ፊደል። ገጹ ላይ ድምፆቹ በተለያየ አቅጣጫ ዞረው ስለታተሙ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን ተቀምጦ መዝፈን ይቻላል። አንድ ማዕድ፣ ብዙ እጅ። ሉቱ ደግሞ ሎሌ አይደለም። ከድምፁ ጋር ይነጋገራል፣ እሷ ያለችውን ቀድሞ ያነሣባታል ወይም ተከትሎ ይመልስላታል፣ እሷ አንድ ድምፅ ይዛ ስትቆይ እሱ ከሥሯ ይንቀሳቀሳል።

የሁለቱን ልዩነት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ግን አንድ ዘፈን ነው። ካቺኒ «አማሪሊ» የሚል የፍቅር ዘፈን አለው፣ በ1602ቱ መጽሐፍ ውስጥ በዚያ በቤዝና በቁጥር የታተመ። በ1610 የዳውላንድ ልጅ ሮበርት ለንደን ባሳተመው ስብስብ ውስጥ ያው ዘፈን ገባ። ግን እንግሊዞቹ ጋ ሲደርስ ሉቱ በሙሉ ተጽፎለታል። ካቺኒ ለመቺው የተወለትን ባዶ ቦታ ለንደን ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በፊደል ሞልቶታል። ዜማው ያው ነው፣ ቃሉ ያው ነው። አንደኛው «አንተ ታውቃለህ» ይላል፣ ሌላኛው «እንዲህ ነው» ይላል። ሁለቱን ገጽ ስልኬ ላይ እያገላበጥኩ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ።

በመሀል ሌሎችም አሉ። በሮም ብዙ ጊዜ የኖረው ኪታሮኔ መቺ ካፕስበርገር በ1612 ያሳተማቸው ዘፈኖች ላይ ቁጥር ያለው ቤዝም የኪታሮኔ ታብም አብሮ አለ፤ የፈለገ በዚህ፣ የፈለገ በዚያ። ለጊታርም ጣሊያኖቹ አልፋቤቶ የሚሉት ነበራቸው፣ አንድ ፊደል አንድ ኮርድ። ፊደሉ ግን ከኮርዱ ስም ጋር አይገናኝም፤ ኤ ተብሎ የተጻፈው ዛሬ ጂ ሜጀር የምንለው ነው። ያንን እያዩ መግረፍ ነው። የእኛ የክራር ግርፍ ትዝ አለኝ፤ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል፣ ቀኙ ሁሉንም በአንድ ላይ ይገርፋል። ለጭፈራ የሚያህለው የለም፣ ለትዝታ ግን ከባድ ነው።

በ1607 ደግሞ አጋዛሪ የሚባል የሲዬና ሰው ስለ እጀባ ብቻ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። መሣሪያዎችን መሠረት የሚጥሉና የሚያስጌጡ ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። ሉት በሁለቱም በኩል ይገባል። ብዙ ሆናችሁ ስትጫወቱ ተራ ጠብቁ ይላል፣ እንደ ድንቢጥ ሁላችሁም በአንዴ እየተንጫጫችሁ እርስ በርስ ለመበላለጥ አትጩኹ። ድንቢጥ! ይህንን ሳነብ ለጓደኛዬ መልእክት ላኩላት። «ድንቢጥ ነበርኩ» አልኳት። «ምን ሆነሻል?» ብላ መለሰችልኝ።

በአሁኑ ጊዜ ይህንን የድሮ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎችም በሁለት ጎራ ናቸው። አንዳንዶቹ ቁጥሩ ላይ ያለውን ብቻ፣ ቀስ አድርገው። ሌሎቹ ጊታር፣ በገናቸውን (የነሱን ሃርፕ ማለቴ ነው)፣ ከበሮ ሳይቀር ጨምረው እየፈጠሩ ይሄዳሉ። «ነፃነት ተሰጥቶናል እኮ» ነው ክርክራቸው፣ እውነትም ተሰጥቷቸዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ በሙሉ ልቤ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ። ራሴን መከላከል ስለነበረብኝ።

ሁዳዴ ሲገባ አጎቴን ልጠይቅ መንዝ ሄድኩ፤ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ ድረስ። ጋሼ በገና የሚደረድረው በጾም ነው። ያንለት ማታ ባናውን ደርቦ ተቀመጠና መቃኘት ጀመረ። በገና ዐሥር ክር አለው፣ ሁሉም ግን አይነካም፤ ጥቂቶቹ ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ክሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ አንድ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዚራ ይሏታል። ጋሼ እሷን በጣቱ ጫፍ ትንሽ ወደዚህ ይገፋታል፣ ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ትንሽ ወደዚያ ይመልሳታል። ክሩ ዝዝዝ ብሎ እንደ ንብ እስኪያጉረመርም። አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከሉት መቺዎች ጋር የሚያመሳስለው ይሄም ነው፤ አንድ ጀርመናዊ ጸሐፊ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሉት መቺ ስድሳውን ሲቃኝ ነው ያሳለፈው ብሎ ቀልዶባቸዋል።

ከዚያ ጀመረ። ዜማውን በገናውም እሱም ያንኑ ነው የሚሉት፤ ኮርድ የሚባል የለም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ንግግር ሊሆን ምንም አይቀረው። አንድ ስንኝ ይልና በገናው ብቻውን ይመላለሳል፣ ይመላለሳል፣ የተባለውን ነገር እስክታብላሉት ድረስ። ቀጣዩን አይጣደፍበትም።

ሲጨርስ ስልኬን አወጣሁ። ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ጣሳ ውስጥ አቆምኩትና የጣሊያናዊውን የዜማ ደራሲ የሞንቴቨርዲን «የኒምፋ ለቅሶ» ከፈትኩለት። በ1638 የታተመ ነው። አንዲት ሴት የከዳትን ወዳጇን እያነሣች ታለቅሳለች፣ ከሥሯ ቤዙ አራት ድምፅ እየወረደ ያንኑ ይደጋግማል፣ እስከ መጨረሻው። ሞንቴቨርዲ ሴትየዋ በእጅ ምት ሳይሆን በልቧ ስሜት ምት ትዝፈን ብሎ ጽፏል። ስለዚህ እሷ ትዘገያለች፣ ትቀድማለች፤ ከታች ያለው አይነቃነቅም። በዚህኛው ቅጂ ቴዎርቦው ከዚያ ቤዝ ሌላ ብዙም አይጨምርም።

ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «ይመላለሳል» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ሰውየው ሲናገሩ ያዳምጣል» አለ። ሰውየው ያለው ቴዎርቦ መቺውን ነው።

ዳውላንድን ከፈትኩለት። «እዚህ ደግሞ ሁለት ናቸው። ተግባብተዋል።»

ከዚያ ያንኑ ለቅሶ፣ በከበሮና በጊታር ከተሠራው ቅጂ። ጋሼ ፊቱ ፈካ አለ፣ ጉልበቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ጥሩ ነው፣ ሠርግ ነው። ቅድም ግን የሚያለቅሱት ምን ሆነው ነው ያልሽኝ?»

ስልኩን ከጣሳው አወጣሁት።

መልስ ጉዞ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ያሰላሰልኩት ይህንን ነው። ዳውላንድ ከካቺኒ በብዙ እጥፍ ኖታ አለው፣ ግን ቃሉ አይጠፋም፤ ምክንያቱም የትኛው ቃል ላይ ምን እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ ተጽፏል፣ የጻፈውም ቃሉን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ግን የምሞላው ዝምታ ስለሚያስፈራኝ ነው። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኛል፣ ጣቴ ይሮጣል። እኛ አገር ደግሞ ይሄ የባሰ ኪሳራ አለው። ሰምና ወርቅ የሚለየው አንዳንዴ በአንዲት ፊደል ነው። ያቺን ፊደል ክራር ከሸፈናት ሰሚው ሰሙን ይዞ ይሄዳል።

ያለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ተገናኘን። ልሞክር አልኳት። ከስድስቱ ክሮች ታች ያሉትን ሁለቱን ብቻ፣ ስንኝ ሲጀመር አንዴ፣ ሲዘጋ አንዴ። መሀሉን አልነካም። መጀመሪያ ላይ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ ያቺን የለመድናትን ስንኝ አወጣች።

ብርድ ልብስ አልብሶኝ ደጁ ቢያሳድረኝ፣
ውርጩን መቼ ፈራሁ፣ ብርድ ልቡ ገደለኝ።

አቆምኳት።

«ብርድ ልቡ ነው እንዴ የምትይው?»

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

«ብርድ ልብሱ።»

«ብርድ ልብሱ ገደለኝ?» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ብርድ ልብስ እንዴት ሰው ይገድላል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከመጀመሪያው ጀምሪ አልኳትና እጄን ጉልበቴ ላይ መለስኩት።